ንጹሕ ትንፋሽ

ሥራዬ ሰው ማስተንፈስ ነው። ደረቴ ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ «ረድኤት፣ አስተንፋሽ፣ አጥናፍ አየር መንገድ» ይላል። ተሳፋሪው ይመጣል፣ ሻንጣውን ያስረክባል፣ አፉን ወደ ቱቦው ያስጠጋና ይተነፍሳል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ እኔም «በግ ወይስ ዶሮ?» እላለሁ። ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ በግ ወይስ ዶሮ ስል ውዬ ቤቴ ስገባ ባሌን «ደህና ዋልክ ወይስ ዶሮ» ልለው ምንም አይቀረኝም።

በጉም ዶሮውም አተር ነው። አተር፣ ሽምብራ፣ እንጉዳይ፣ ለቀለሙ ቀይ ሥር። እናቴ በረራ ላይ አስተናጋጅ በነበረችበት ዘመን ምናሌው ላይ ከታች በትንንሽ ፊደል «ከፈለጉ ከዕፅዋት የተዘጋጀ ሥጋ አለን» የሚል መስመር ነበረ አሉ። በአንድ በረራ ሁለት ሦስት ሰው ቢያዘው ነው፤ እሱም የጾም ምግብ መስሎት። ቆይቶ መስመሩ ወደ ላይ ወጣና እውነተኛው ሥጋ ወደ ታች ወርዶ «ከፈለጉ» የተባለው እሱ ሆነ። ከዚያ «ከፈለጉ» የምትለዋ ጠፋች። አሁን የምንፈትሸው ትሪውን ሳይሆን ተሳፋሪውን ነው።

ሰው ይለምዳል። ሰፈሬ ያለው ልኳንዳ ቤት ቆራጩ ዛሬም ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ቢላውን እያፋጨ፣ መንጠቆ ላይ ከተሰቀለ የአተር ሽንጥ ሥር ቆሞ «ከየቱ ልቁረጥልሽ እመቤት?» ይለኛል። እኔም ልክ እንደሚገባኝ ሰው «ከዚያ ከወፈረው» እላለሁ። ዐቢይ ጾም ገብቶ እስኪወጣ ሰዉ ያንኑ ዶሮ ወጥ ይበላል፤ ፋሲካም ዕለት ያንኑ ይበላል። ቄሶቹ መጀመሪያ ላይ በነገሩ ብዙ ተከራከሩ፤ በኋላ ግን ደከማቸው መሰለኝ ተዉት። አውሮፕላኑ ላይ ፊተኛው ማዕረግ ለሚቀመጡት ብቻ ጅማት ይጨመርላቸዋል፤ ጥርስ መሀል የሚሰነቀር፣ የማይታኘክ ጅማት። እሱን ለመሥራት ፋብሪካው ስንት ዓመት እንደለፋ ሥልጠና ላይ ነግረውናል። ደሃ በስንጥር ሲጎረጉረው የኖረ ነገር የሀብታም መለያ ሆነና አረፈው።

መብራቱ ቀይ ከሆነ ተሳፋሪው አይሳፈርም፤ ትንፋሹ ቀላ እንላለን። ሥጋ የበላ ሰው እስከ አንድ ወር ይቀላል። አንድ ቀይ ትንፋሽ ይዞ የተነሣ አውሮፕላን የሚያሳርፈው አገር የለም፤ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ በእኔ በር ማንም ቀይ አያልፍም። እኔ ክፉ ስለሆንኩ አይደለም። ክፉ ናት የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ይበሉ፣ መብታቸው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የባንኮክ ተሳፋሪዎችን እያስተናገድኩ አንድ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው መጣ። አቶ ጓንጉል ይባላል፤ ከደብረ ብርሃን የመጣ ጎሚስታ ነው። አዲስ ኮት ለብሷል፤ ከኮቱ ሥር ግን የጎማ ሽታ አለው፣ ስንት ዓመት የተዋሐደው ሽታ በአንድ ቀን አይለቅም። ጥፍሮቹን በሳሙና ፈግፍጎ ፈግፍጎ ጠርዛቸውን አድምቷቸዋል። ሻንጣው ቀላል ነበር። ለስንት ጊዜ እንደሚሄድ ስጠይቀው «ለልጄ ኩላሊት ልሰጥ ነው፤ እንደዳነችልኝ እመለሳለሁ» አለኝ። ልጁ ማኅደር ትባላለች፤ ባንኮክ ሆስፒታል ውስጥ ተኝታ የምትጠብቀው እሱን ነው። ቀዶ ጥገናው በማግሥቱ ነው።

ከመስታወቱ ማዶ፣ ሸኚዎች በሚቆሙበት፣ አንዲት አጠር ያለች ቡናማ ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር። በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሷም ትንቀሳቀሳለች። «ታላቅ እኅቴ ናት፤ እትዬ ወለላ። እናታችን ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት» አለኝ፤ ሳልጠይቀው። ሰው እዚህ ሲደርስ ወሬ ይበዛበታል።

«ይተንፍሱልኝ አባቴ» አልኩት።

ተነፈሰ። ቀላ።

አሠራሩ እንዲደገም ያዛል፣ አስደገምኩት። ቀላ። ውኃ ሰጠሁት፣ ተጉመጠመጠ፣ እንደገና ተነፈሰ። ያው ቀይ። ከኋላው የተሰለፉት ተሳፋሪዎች አንድ ርምጃ ራቅ አሉለት፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ቀይ ትንፋሽ የሚጋባ ይመስል። ወደ ጎን ወዳለችው መቀመጫ ወሰድኩትና ሌላ አስተንፋሽ ሰልፉን እንድትይዝ አደረግሁ።

«ሥጋ በልተዋል?»

«አልበላሁም።»

«አቶ ጓንጉል፣ እውነተኛውን ማለቴ ነው። የእንስሳውን።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥፍሮቹን ማየት ጀመረ። «ጎረስኩ እንጂ አልበላሁም» አለ።

አይ እኛ። ከዚህ በር ላይ ከሚመለሱት ውስጥ ሥጋ አምሮት የበላ ከስንት አንድ ነው። የቀረው የጎረሰ ነው። መሸኛ ላይ አክስት ታጎርሳለች፣ ጎረቤት ያጎርሳል፣ የክርስትና አባት ያጎርሳል። የባንኮክ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም፤ በራሱ ማንኪያ፣ ከራሱ ሳህን፣ ወደ ራሱ አፍ ነው። የእኛ ሰው ግን ለልጁ ሕይወት ሊሰጥ ጉዞ ጀምሮ፣ ወሩን ሙሉ ተጠንቅቆ፣ የወጣበት ቤት ደጃፍ ላይ አፉን ይከፍታል።

«እምቢ አይሉም ነበር?» አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅም።

«ሥጋውንማ እምቢ ብያለሁ። ስለት ነው ተባልኩ። ሐኪሞቹ የእኔ ኩላሊት ለማኅደር ይገጥም እንደሁ ሲመረምሩ፣ ‹ከገጠመ በግ አርዳለሁ› ብሎ የተሳለ ሰው አለ። ገጠመ። በግ ደግሞ ከአተር አይታረድም፣ ልጄ። ደም ያለው ነው የተሳለው፣ ደም ያለው ነው የታረደው። ባለጉዳዩ ካልቀመሰው ስለቱ አልደረሰም ተባልኩ። እንደገና እምቢ አልኩ። ከዚያ እጁ መጣ። አፌ ድረስ መጥቶ ቆመ። የተዘረጋ እጅ ላይ አፌን ልዝጋበት? አንቺስ ትዘጊያለሽ?»

እኔ የምጠየቅበት ወንበር አይደለም።

ጆሮዬ ውስጥ አለቃዬ ታዴዎስ ተናገረ። ታዴዎስ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ሁላችንንም ያያል፤ ድምፁ ሁልጊዜ የተኛ ሕፃን አጠገብ እንዳለ ሰው ነው። «ረድኤት፣ ምንጭ ማሳወቅን አስረጂው» አለኝ።

አስረዳሁት። ተሳፋሪ ወንጀለኛ አይደለም፣ እንግዳችን ነው። የሚፈለገው ያረደው ነው። ተሳፋሪው ያረደውን ሰው ሙሉ ስም በራሱ ድምፅ ከተናገረ ትንፋሹ ነጽቶ ይመዘገብለታል፤ የሚያሳርፉን አገሮችም በዚህ ተስማምተዋል፤ ይሳፈራል። ያረደው ሰው ካርዱ ይዘጋል። ካርድ ሲዘጋ ትራንስፖርት ይቀራል፣ ጡረታ ይቀራል፣ ክሊኒክ ይቀራል። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምናገረው፤ እንደዚያ ነው የሠለጠንነው።

«ክሊኒክም?» አለ።

«ክሊኒክም።»

ቀና ብሎ ወደ መስታወቱ አየ። ሴትዮዋ እጇን አውለበለበችለት። ለአንድ አፍታ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ ግን እምቢ አለው።

«የልብ መድኃኒት በካርድ ነው አይደል የሚሰጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። ራሱ የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀኝ።

«በካርድ ነው።»

እኔ ማን እንዳረደ ከገባኝ ቆይቷል። ታዴዎስም ገብቶታል። ግን የእኛ መገመት ዋጋ የለውም፤ ከተሳፋሪው አፍ መውጣት አለበት። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ሞኞች አይደሉም።

«እኔው ነኝ ያረድኩት» አለ ጓንጉል።

«ራስን ማስመዝገብ አይቻልም። ያረደ ተሳፋሪ ጨርሶ አይሳፈርም።»

«እንግዲያው አባ ኤልያስ ናቸው። የሰፈራችን ቄስ።»

ስሙን አስገባሁ። «ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው አባቴ።»

«አልኩሽ እኮ... መንገድ ላይ ነው። ከማላውቀው ሰው። አንድ ሰው መንገድ ላይ...»

«አቶ ጓንጉል፣ ስለት ነው ብለውኛል። የማያውቁት ሰው ለልጅዎ አይሳልም።»

አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኛል። ለበረራው የቀረው ጊዜ እያለቀ ነበር። የሚቀጥለው የባንኮክ በረራ በሳምንቱ ነው፤ እሱ ደግሞ እስኪነጻ አንድ ወር አለ። ሐኪሞቹ ማኅደር ያን ያህል እንደማትቆይ ነግረውታል፤ ቅድም ራሱ ነው የነገረኝ። አስታወስኩት። ማስታወስ አለብኝ፣ ሥራዬ ነው።

ታዴዎስ ጆሮዬ ውስጥ «የቤተሰብ ጥሪ አቅርቢለት» አለ። ይህ አገልግሎት ነው፤ ተሳፋሪው እንዲወስን ለማገዝ ከሚጠብቀው ሰው ጋር እናገናኘዋለን። የአየር መንገዱ ስጦታ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ተሸልሞበታል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን በራ። ልጅቷ ታየች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፊቷ አብጧል፣ ዓይኖቿ ግን ተጫዋች ናቸው።

«አባቢ! ተሳፈርክ?»

«አሁን ልሳፈር ነው የኔ እናት። ወረፋ ላይ ነኝ።»

«እዚህ አጣጥበው አዘጋጅተውኛል። እንደ ሙሽራ ነው የያዙኝ፣ ብታይ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምግብ የለም ተብያለሁ። አውሮፕላን ላይ ዶሮ ወጥ አለ አይደል? የእኔንም ደርበህ ብላልኝ።»

«እበላልሻለሁ።»

«ኮቱ ያምርብሃል። እትዬ ናት የመረጠችልህ?»

«አዎ።»

«ሸኘችህ?»

«እዚህ ናት። ከመስታወቱ ወዲያ።»

«ሳምልኝ። ስድን መጀመሪያ የምሄደው እሷ ጋ ነው በላት። አባቢ፣ ደግሞ እንዳትፈራ። እኔ አልፈራሁም። ማለቴ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ፤ አንተ ስትመጣ ይለቀኛል።»

ከጀርባዋ አንዲት ነርስ መጣችና ስክሪኑ ጠፋ። ጥሪው አጭር የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ሲረዝም ሰው ይረጋጋል።

ጓንጉል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ ልላችሁ አልችልም፤ ድምፅ አልነበረውም። አዘንኩለት። እውነቴን ነው፤ እኔም አባት አለኝ። ግን ማዘኔ ቱቦውን አረንጓዴ አያደርገውም። ከመስታወቱ ማዶ ያለችው ሴትዮ ነገሩ የሻንጣ መስሏት ይሆናል፣ በምልክት «ምን ጎደለ?» ትለዋለች። ከኪሷ የሆነ ነገር አውጥታ ለማቀበል የሚከፈት ቀዳዳ መስታወቱ ላይ ትፈልጋለች። ቀዳዳ የለውም።

«ልጄ» አለኝ፣ እጁን ከፊቱ ሳያነሣ። «እሷ... ማለት ያ ሰው፣ መቼ ነው የሚነገረው?»

«ወዲያው ነው።»

«እኔ እስክሄድ አይቆይም?»

ታዴዎስን አልጠየቅሁትም። «አይቆይም» አልኩ።

«ማን እንደተናገረ ይነገራል?»

«ሰነዱ ላይ ይጻፋል። ጮክ ተብሎ አይነገርም።»

ይህን ሲሰማ ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ፤ ትልቅ ውለታ የዋልኩለት ይመስል። ከዚያ እጁን አወረደና ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ድምፅ መቅጃ ጎንበስ አለ። መስታወቱን አላየም። ሙሉ ስም ከነአባት ከነአያት ነው የሚባለው፤ ስለዚህ የገዛ አባቱንና የገዛ አያቱን ስም እየጠራ ነው እኅቱን ያስያዛት።

«ወለላ» አለ። «ወለላ ዘገዬ ባንተይርጋ።»

መቅጃው አልሰማም። ድምፁ ቀጭን ነበር።

«ከፍ ያድርጉት አባቴ፤ ይድገሙልኝ።»

ደገመው።

ወዲያው አረንጓዴ በራ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ምንጭ ያሳወቀ ተሳፋሪ መቀመጫው ሳይጠየቅ ወደ ፊተኛው ማዕረግ ይቀየርለታል። ጅማቱም ጭምር ማለት ነው። የመሳፈሪያ ወረቀቱ ወጣ፣ ሰጠሁት። ስክሪኔ ላይ አንድ ያልተሞላ ቦታ ቀረኝ፤ ሳልሞላው መዝጋት አይቻልም።

«በግ ወይስ ዶሮ?» አልኩት።

አየኝ። ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የመምረጫው ጊዜ ሲያልፍ ስክሪኑ ራሱ መረጠለት። በግ።

ለመሄድ ሲነሣ የመጨረሻውን ሕግ ነገርኩት፤ መናገር ግዴታዬ ነው። ከእኔ በር እስከ አውሮፕላኑ መግቢያ ያለው መተላለፊያ ረጅም ነው፣ ሁለቱም ጎኑ መስታወት ነው፣ ከሸኚዎቹ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምንጭ ያሳወቀ ተሳፋሪ እዚያ ውስጥ ከቆመ፣ ወደ ኋላ ከዞረ ወይም ምልክት ካሳየ ያሳወቀው እንደተሻረ ይቆጠራል። እሱም ይቀራል፣ የሰጠው ስም ግን ይመዘገባል። ይህንንም በዚያው ድምፅ ነገርኩት።

«ልሰናበታት አልችልም ማለት ነው» አለ።

«አይችሉም።»

«አልተሳሳምንም እኮ። ‹ካለፍክ በኋላ አውለብልብልኝ፣ እዚሁ ነኝ› ብላኛለች።»

ሻንጣውን አስረክቧል፤ ባዶ እጁን ነበር። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። መጨረሻ ላይ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸውና መራመድ ጀመረ።

እትዬ ወለላ በሩ ሲከፈትለት አየች። መጀመሪያ አላመነችም፤ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ በመስታወቱ ጥግ ከእሱ እኩል መራመድ ጀመረች፤ ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች፣ እጇን እያውለበለበች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ሲፈነዳ ከዚህ ይታየኛል። «አለፈ፣ ወንድሜ አለፈ» ስትል ከከንፈሯ አነበብኩ፤ አጠገቧ የቆሙትን እየነካካች ነበር። ከዚያ ቆመች፣ አየር ሳበች፣ እልል አለች።

መስታወቱ ወፍራም ነው፤ ድምፅ እንዳያሳልፍ ተብሎ የተሠራ ነው። እልልታ ግን ያልፋል። የተሰለፉት ተሳፋሪዎች ሁሉ ዞሩ። ጓንጉል አልዞረም። ትከሻው ብቻ ዝቅ አለ፣ ዝናብ እንደሚመታው ሰው። ርምጃው ግን አልተቋረጠም።

በዚህ ጊዜ የአየር መንገዱን አረንጓዴ ኮት የለበሱ ሁለት ወጣቶች በሸኚዎቹ መሀል መጡ። አልተጣደፉም፤ እነሱም ሠልጥነዋል። ከኋላዋ ደርሰው ቆሙ። እሷ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ የወንድሟ ጀርባ ላይ ነው። አንደኛው ትከሻዋን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ሁለተኛው ክንዱን ያዘው። ደግ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ትጨርስ የሚል ይመስላል። ሁለቱም እጃቸውን ፊት ለፊታቸው አጣጥፈው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆመ ሰው፣ ከኋላዋ ጠበቋት።

ጓንጉል መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ በሩ ተከፍቶ ዋጠው። እትዬ ወለላ ግን እዚያም ሆኖ የሚሰማት መስሏት ይሆናል፣ እንደገና አየር ሳበችና ከፊተኛው አስበልጣ እልልታዋን አቀለጠችው።